ሦስት ወይፈኖችን ለማኮላሸት ቡርዲዞ ወይስ ቢላ?

ሰላም ለዚህ ቤት። ዘንዘልማ ነኝ፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ። ለሥጋ የማሳድጋቸው አምስት ወንድ የፎገራ ዲቃላ ጥጃዎች አሉኝ። ሁለቱ ገና ሳምንታቸው ነው፤ እነሱን ለማኮላሸት ቆለጡ ላይ የሚታሰረው የጎማ ቀለበት ይበቃል። ጭንቀቴ ሦስቱ ናቸው። 9 ወር ሞልቷቸዋል፣ ጊደሮቹን መውጣት ጀምረዋል።

ዓምና ሌላ አንድ ወይፈን በቡርዲዞ አስኮላሸሁ፤ ቡርዲዞ የቆለጡን ገመድ ከቆዳው ላይ የሚጨምቅ ትልቅ መቆንጠጫ ነው። የሠራው ሰው የሁለቱንም ቆለጥ ገመድ በአንዴ ጨመቀው። ለየብቻ፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርጎ መያዝ እንደነበረበት የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ስዳስሰው የግራው ሟሙቶ ባቄላ አክሏል፤ የቀኙ ድንቡል እንዳለ ነው። ይኸው ዛሬም ኮርማ ነኝ ይላል።

ሌላውን በ6 ወሩ ቀለበት አሰርኩበት። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው፣ ትልቅ ነበር። ቆዳው ቆስሎ ሸተተ፣ ዝንብ ወረረው፣ ሁለት ሳምንት በጨው ውሃ ሳጥብ ሰነበትኩ።

አባቴ «እንደ ድሮው ቆለጡን ቀጥቅጠው» ይላሉ። እሱን አላደርገውም። ልጅ ሳለሁ በሬ ሲቀጠቀጥ የሰማሁት ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ቆለጡ በቢላ ከወጣ ጥርጥር የለውም፣ ግን ቁስሉ ክፍት ነው። አሁን ነሐሴ ነው፣ በረቱ ጭቃ በጭቃ። ቡርዲዞ ቆዳ አይቆርጥም፣ ካልያዘ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው።

በዚህ ዕድሜ ያስኮላሻችሁ ሰዎች፣ ጎበዝ ባለሙያ ፈልጌ ሦስቱን አሁኑኑ በቡርዲዞ ላስኮላሽ ወይስ ጥቅምት ላይ ምድሩ እስኪደርቅ ጠብቄ በቢላ ላስወጣ?