ሞተሩ የተፈታ የቡና ሚኒባስ፦ እስኪጠገን ድረስ ኃይል ከየት ይምጣ? (ደሴ)

ጦሳ_ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለቡናና ለጁስ መሸጫ የተሠራ አባዱላ ሚኒባስ ነው፤ የሚቆመው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ። የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ሞቆ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተቃጠለ። አሁን ቴስታታው ለመጠረብ ወርዷል፣ ተመልሶ እስኪገጠም ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተብሏል። መኪናው ተጎትቶ ቦታው ላይ ስለሆነ ሽያጩ መቀጠል ይችላል፤ ችግሩ ከኋላ ያሉትን ባትሪዎች እስካሁን ሲሞላ የነበረው የሞተሩ ዲናሞ ብቻ መሆኑ ነው።

ያለው ዕቃ፦ ሁለት ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ፣ 1000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር)፣ 85 ዋት የሚል ትንሽ ፍሪጅ ባለ 220 ቮልት፣ 400 ዋት ብሌንደር፣ 150 ዋት የቡና መፍጫ፣ ሦስት ባለ 7 ዋት አምፖል፣ በ12 ቮልት የሚሠራ የውሃ ፓምፕ። ውሃ የሚፈላው በጋዝ ነው። ጎረቤት ሱቅ ሶኬት ሊሰጠን ፈቃደኛ ነው፣ መብራቱ ግን ይሄዳል ይመጣል። 2.5 ኬቪኤ (የጄኔሬተር አቅም መለኪያ) የቤንዚን ጄኔሬተር እንግዛ፣ ሶላር እንስቀል ወይስ ሌላ መላ አለ? ክረምቱ ደግሞ እየገባ ነው።

ቦርከና_ኤሌክትሪክ፦

አብሽር፣ መላ አለው። መጀመሪያ ግን በቀን ምን ያህል እንደምትበላ እንወቅ፣ ያለዚያ የምትገዛው ሁሉ ግምት ነው የሚሆነው።

ፍሪጁ 85 ዋት ቢልም ኮምፕረሰሩ ቀኑን ሙሉ አይዞርም፤ በደሴ አየር 40 በመቶ ያህሉን ጊዜ ይሠራል ብንል በ24 ሰዓት ወደ 800 ዋት ሰዓት ይመጣል። ብሌንደሩ ሁሉም ጁስ ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ቢዞር 200፣ መፍጫው 20 ደቂቃ ቢሠራ 50፣ አምፖሎቹ ለ4 ሰዓት 84፣ ፓምፑና ስልክ ቻርጅ አብረው 65 ገደማ። ድምሩ 1200 ነው። ኢንቨርተሩ ሲቀይር ከ10 እስከ 15 በመቶ ያባክናል፤ ምንም ሳይሰካበት በርቶ ብቻ ሲያድርም ያለማቋረጥ 8 ዋት ያህል ይጠጣል። ያ ሲጨመር ከባትሪው የሚወጣው 1550 ዋት ሰዓት፣ ማለትም ወደ 130 አምፔር ሰዓት ይሆናል።

ባትሪዎችህ በወረቀት ላይ 2400 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። ጄል ባትሪን ግን ከግማሽ በታች እያወረድክ ብታሠራው ዕድሜው በጣም ያጥራል፣ ስለዚህ ያለህ 1200 ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳ አያደርስህም። ችግርህ የባትሪ ማነስ ሳይሆን የሚሞላቸው ነገር አለመኖሩ ነው፣ እና ለዚህ ርካሹ መልስ ደህና ቻርጀር ከጎረቤቱ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ጄል የሚል ምርጫ ያለው፣ 30 አምፔር የሚሰጥ ይሁን። ለጄል የሚመከረው ከአቅሙ 20 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ለሁለቱ እስከ 40 አምፔር ችግር የለውም። ከሶኬቱ የሚስበው ወደ 500 ዋት፣ 2 አምፔር ተኩል ስለማይሞላ የሱቁን ብሬከር አያስቸግርም። የወጣውን ለመመለስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት፣ ለመጨረሻው 20 በመቶ ደግሞ ሌላ 2 ወይም 3 ሰዓት ይፈልጋል። የመጨረሻው ክፍል በጣም ቀስ ይላል፤ እሱን እየዘለልክ ሁልጊዜ በ80 በመቶ የምታቆም ከሆነ የባትሪው ሰሌዳ ላይ ሰልፌት የተባለ ቅርፊት ይጋገርና ባትሪው አቅሙን ያጣል።

ጋራዥ ያለውን ትልቅ የመኪና ቻርጀር ተውሰህ እንዳትሰካ። ከ15 ቮልት በላይ ሲሰጥ ጄሉ ውስጥ የጋዝ አረፋ ይፈጠራል፣ ያ ቦታ ደግሞ ተመልሶ አይሞላም።

ወደ ሱቁ የሚሄደው ገመድ ባለ 2.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር ካሬ) ይሁን፣ ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ ፍታው፤ ተጠቅልሎ ጭነት ከተሸከመ ይሞቃል። በሱቁ በኩል ባለው ጫፍ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ የመሬት መከላከያ ብሬከር ግጠምለት፣ የመኪናውን ብረትም ከመሬት ሽቦው ጋር እሰረው። ዝናብና ብረት አንድ ላይ ናቸው፣ በዚህ አትደራደር። ለጎረቤቱም ትንሽ ቆጣሪ ሶኬቱ ላይ ብትሰካለት ጥሩ ነው። ቻርጀሩ የሚያባክነው ተጨምሮ በቀን ከ2 እስከ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያነባል፣ በዚያ ትከፍለዋለህ።

ሐረጎ_ኩርባ፦

ጄኔሬተሩን በተመለከተ። 2.5 ኬቪኤ የሚለው ጽሑፍ የተለካው በባሕር ጠለል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ስለዚህ 29 በመቶ ያህሉ ይሄዳል፤ ሳይቋረጥ 2 ኪሎ ዋት ይሰጣል የተባለው 1.4 ሆኖ ታገኘዋለህ። ኮምቦልቻ ብትወርድ 1850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ኪሳራው ወደ 22 በመቶ ዝቅ ይላል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ለዚያው አየር ቤንዚን ያበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ካየህና ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ጥቀርሻ ከለበሰ ምክንያቱ ይኸው ነው። መካኒክ የቤንዚን ማለፊያዋን ጠባብ ቀዳዳ ባላት ይቀይርልህ። ዝቅተኛ ቦታ ስትወስደው ግን የድሮዋ ትመለስ፣ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ይሞቃል።

ላንተ ጭነት 1.4 ኪሎ ዋት ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አጠቃቀሙ ላይ ነው፤ 85 ዋት ፍሪጅ ለማንቀሳቀስ ጄኔሬተር ቀኑን ሙሉ አስነስቶ መዋል ቤንዚን ማቃጠል ነው፣ ባዶውንም ቢዞር ይጠጣል። መብራት በጠፋ ቀን 2 ወይም 3 ሰዓት አስነሳው፣ ቻርጀሩን ስካ፣ ጁስ የሚበዛበትን ሰዓትም ከዚያ ጋር አገጣጥመው። ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ አጥፋ፤ ቀሪውን ቀስ ያለ ሙሊት መብራት ሲመጣ ከሶኬቱ ይጨርሰው። ጄኔሬተሩ ላይ ያለችው የ12 ቮልት መውጫ 8 አምፔር አካባቢ ብቻ ትሰጣለች፣ ቮልቴጇንም የሚቆጣጠር የለም፤ ለጄል ባትሪ አትጠቀምባት።

አሁን ይህን ልብ በል። ጄኔሬተር መኪናው ውስጥም፣ ከሥሩም፣ በሩ አጠገብም አይቀመጥም። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ዝናብ ስለሆነ መስኮት ተዘግቶ ሁለት ሰው ቡና በሚያፈላበት ሚኒባስ ውስጥ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ብዙ ጊዜ የለም። ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭስ ማውጫው ከመኪናውም ከሱቁም ተቃራኒ ይዙር፣ ከላይ ቆርቆሮ ይጣልለት እንጂ ዙሪያውን አይከለል። ቤንዚን የሚሞላው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው። ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ወንድ መሰኪያ ባለው ገመድ ከሱቁ ሶኬት ጋር እንዳታገናኘው፤ ኃይሉ ወደ መስመሩ ተመልሶ ምሰሶ ላይ ያለ ሠራተኛ ይገድላል።

ፀሐይ_ለወሎ፦

ሶላሩን ለዘለቄታው አስበው እንጂ ለነዚህ ሦስት ሳምንታት ብቻውን አትመካበት። የአባዱላ ጣሪያ ሁለት ባለ 200 ዋት ፓኔል ይይዛል። በበጋ በቀን 5 ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ ብንቆጥርና ለሙቀት፣ ለአቧራና ለገመድ 30 በመቶ ብንቀንስ 1540 ዋት ሰዓት ይሰጥሃል፤ ይህ ከላይ ከተሰላው ፍጆታህ ጋር እኩል ነው። በሐምሌና ነሐሴ ግን ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት ቀን 3 ሰዓት ካገኘህ ጥሩ ነው፣ እሱም 840 ነው። ግማሹን ማለት ነው።

ከሰቀልክ ሁለቱን በተከታታይ አገናኝና 30 አምፔር፣ 100 ቮልት የሚችል ኤምፒፒቲ (ከፓኔሉ የሚቻለውን ከፍተኛ ኃይል የሚያወጣ) የሙሊት መቆጣጠሪያ ያዝ። በብርድ ጠዋት ሁለት ፓኔል ያለ ጭነት 48 ቮልት ሊደርሱ ስለሚችሉ ባለ 50 ቮልቱ ጠርዝ ላይ ነው። ስታገናኝ ባትሪው ይቅደም፣ ፓኔሉ ይከተል፤ ስትፈታ ግልባጩ። ፒያሳ ላይ ያለው ትልቁ ጠላት የምሰሶና የሕንፃ ጥላ ነው፣ የአንድ ምሰሶ ቀጭን ጥላ እንኳ የፓኔሉን ትልቅ ክፍል ያስተኛዋል። ስለዚህ ከመበሳትህ በፊት ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይና 9 ሰዓት ጣሪያው ላይ ጥላ የት እንደሚወድቅ እይ።

አሁኑኑ በነፃ የምታገኘው ደግሞ በረዶ ነው። 1 ሊትር በረዶ ሲቀልጥ 93 ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይውጣል። ፍሪጁ ፍሪዘር ካለው ቀን መብራት ባለበት ሰዓት አራት ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውሃ አድርገህ አግግር፤ ውሃ ሲረጋ ስለሚያብጥ ከአፉ አራት ጣት አጉድል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ወደ ታችኛው ክፍል፣ ወተቱ አጠገብ አውርዳቸውና ኢንቨርተሩን አጥፍተህ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ፍሪጁን አትክፈት። ከባትሪው ወደ 400 ዋት ሰዓት ይተርፍልሃል። ጠዋት ወተቱን በቴርሞሜትር ለካው፤ ከ5 ዲግሪ በላይ ከሆነ በሚቀጥለው ሌሊት ማጥፊያውን ሰዓት አሳጥር።

ጦሳ_ሥር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቻርጀሩ ተገኝቷል፣ 30 አምፔር ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ባትሪው 12.5 ቮልት እያነበበ ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ኢንቨርተሩ ይጮህና ይጠፋል። ኢንቨርተሩ ሹፌሩ ወንበር ጀርባ ነው፣ ከባትሪው 3 ሜትር ይርቃል፣ ገመዱ ባለ 10 ካሬ ነው ብለው ነው የሸጡልን። ኢንቨርተሩ ይሆን የተበላሸው?

ቦርከና_ኤሌክትሪክ፦

ከመጣልህ በፊት ገመዱን ጠርጥር። 85 ዋት ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል፣ 600 ዋት ማለት ነው፤ በ12 ቮልት በኩል ከኪሳራው ጋር ወደ 60 አምፔር። ባለ 10 ካሬ መዳብ ሄዶ ሲመለስ 6 ሜትር ነው፣ በ60 አምፔር ገመዱ ብቻውን 0.6 ቮልት ይበላል። ማሰሪያው ከላላ ወይም ከዛገ ሌላ ግማሽ ቮልት ይጨመራል። ባትሪውም ራሱ ሲጫን ስለሚወርድ ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰው ከማጥፊያው ገደብ በታች ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ለካ። ሜትሩን ቀጥታ ቮልት ላይ አድርግ፤ ቀዩን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ላይ፣ ጥቁሩን ኢንቨርተሩ ፖዘቲቭ ብሎን ላይ አስነካ (ጫፉ ካልደረሰ ሽቦ ቀጥልበት)። ፍሪጁ በሚነሳበት ቅጽበት ከ0.2 በላይ ካነበበ ኃይሉ እዚያ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። በኔጌቲቩም ድገመው። ሁለቱም ደህና ሆነው ባትሪው ራሱ ከ11.5 በታች ከወረደ ግን የደከመው ባትሪው ነው፤ ለያይተህ አንድ በአንድ ፈትናቸው።

የገመዱን ጫፍም በቢላ ፋቀው። ከቀዩ ቅብ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ የሚያስተላልፈውም ከመዳቡ ብዙ ያነሰ ነው። መፍትሔው ኢንቨርተሩን ባትሪው አጠገብ፣ 1 ሜትር ውስጥ አምጥቶ በእውነተኛ መዳብ ባለ 35 ካሬ ማሰርና የ220 ቮልቱን ገመድ ማርዘም ነው። 125 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ 20 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ግጠም። ሁለቱን ባትሪዎች ስታያይዝ ፖዘቲቩን ከአንዱ፣ ኔጌቲቩን ከሌላው ውሰድ፤ ሁለቱም ገመዶች ከአንድ ባትሪ ከወጡ ያ ባትሪ ቀድሞ ያልቃል።

ያ ሁሉ ሆኖ ኮምፕረሰሩ ሲዞር እምም የሚል ጠንካራ ድምፅ ካለው ኢንቨርተርህ ንጹሕ ሳይን (እንደ መብራት ኃይሉ ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ) ላይሆን ይችላል። ፍሪጁን ያሞቀዋል፣ ስትቀይር 1500 ዋት ንጹሕ ሳይን ያዝ።

ባለካቻቪቴ፦

ሊቲየም ባትሪ ልጨምር ብለህ ብታስብ ከጄሉ ጋር ጎን ለጎን አታስራቸው፣ አሞላላቸው ለየቅል ነው። ዲናሞውም ሊቲየም በቀጥታ ሲጎትተው ከአቅሙ በላይ ሞቆ ይቃጠላል።

መካኒኩ ሥራ ላይ ሳለ ከዲናሞው ወደ ኋላ ባትሪዎች የሚመጣውን ሽቦ ከባትሪው በኩል ንቀለውና ጫፉን በቴፕ ጠቅልለው። አሁን ከባትሪዎቹና ከቻርጀሩ ኃይል አለበት፣ ቁልፍ ነክቶት ከአካሉ ጋር ከተገናኘ ብልጭታው ቀላል አይደለም። የሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ባትሪ ኔጌቲቭም ፍታው፣ አለዚያ ሬዲዮውና አላርሙ በሦስት ሳምንት ባዶ ያደርጉታል።

ሞተሩ ሲነሳ የዲናሞውን ቺንጋ (ቀበቶ) ውጥረት አይተህ፣ የፊት መብራት አብርተህ ከኋላ ባትሪዎች ላይ ለካ። ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ከ13.5 በታች ከሆነ ሪሌውን (ዲናሞውን ከኋላ ባትሪዎች ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ) እና ሽቦውን ሳታይ ዲናሞውን አታስፈታ። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ባትሪ አትንቀል፣ የዲናሞው ዳዮድ ይቃጠላል።