ከመሥሪያ ቤታችን ውጭ ላለ ሰው ፋይል ማጋራት አልቻልኩም

ጤና ይስጥልኝ። የሕንፃ ንድፎችን ዱባይ ላለ ተቋራጭ ማጋራት ፈልጌ መንገዱ ተዘግቶብኛል። ፋይሎቹ ያሉት በመሥሪያ ቤታችን የጎግል ድራይቭ የጋራ ማህደር ውስጥ ነው። ሊንኩን ስልክለት ፈቃድ እንዲጠይቅ የሚያዝዝ ገጽ ይመጣበታል። የኢሜይል አድራሻውን እኔው ላስገባ ስሞክር ደግሞ አይቀበለኝም።

አድራሻው የያሁ ነው። የጎግል አካውንት የሌለው ሰው በኢሜይል በሚላክለት የማረጋገጫ ቁጥር መግባት እንደሚችል አውቃለሁ፤ እርሱ ግን እዚያ ደረጃ እንኳ አይደርስም። ምናልባት በሌላ አካውንት ገብቶ ይሆናል ብዬ በብራውዘሩ የግል መስኮት አስሞከርኩት፤ ለውጥ የለም። ከሁሉ የገረመኝ፣ በማጋሪያው ሳጥን ውስጥ «ሊንኩ ያለው ማንኛውም ሰው» የሚለው ምርጫ ጨርሶ አይታይም፤ ያለው የመሥሪያ ቤታችን ስም ብቻ ነው። ከግል አካውንቴ የላክሁለት የሙከራ ፋይል ግን ያለ ችግር ተከፍቶለታል።

ስለዚህ ክልከላው ከእኛው ወገን ይመስለኛል። እገዳው ያለው በጋራ ማህደሩ ቅንብር ላይ ነው ወይስ በመላው ድርጅት ደረጃ? በምን ልለየው? የሲስተም አስተዳዳሪያችን «ሁሉም ክፍት ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል፤ የትኛውን ቅንብር ከፍቶ እንዲያይ ልንገረው? እባካችሁ «በግል አካውንትህ ላክ» አትበሉኝ፤ ንድፎቹ የደንበኛ ንብረት ናቸው።