የመድረክ ተዋናይ ካሜራ ፊት ሲጮኽ፦ ከዴ ሲካ ምን እንውሰድ?

ሆጤ፦
ደሴ ያለው የቲያትር ክበባችን በስልክ አጭር ፊልም ሊቀርፅ ነው። ተዋንያኑ መድረክ ስለለመዱ ድምፃቸውም እጃቸውም ይበዛል። ጣሊያናዊው የፊልም አዘጋጅ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ራሱ የመድረክ ሰው አልነበር? ሌሎችን እንዴት ነበር የሚያለማምደው?

ቦርከና፦
አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መድረክ ላይ ነው ያደገው። በ1932 የፊልም ኮከብ ሆነ፤ በ1940 ማዘጋጀት ጀመረ። በ1948ቱ «የብስክሌት ሌቦች» ዋናውን ገፀ ባሕርይ ያጫወተው የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረውን ላምቤርቶ ማጆራኒን ነው። ትዕይንቱን መጀመሪያ ራሱ ተጫውቶ ያሳይ ነበር። የእናንተዎቹ ደግሞ አንድ ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ይናገሩ። ስልኩ ፊታቸው ሲቀርብ እጃቸውን ኪስ ያስገቡ፤ ዓይን ይበቃል።

ጦሳ፦
ድምፁን ነገር አደራ! የዚያ ዘመን የጣሊያን ፊልም ድምፁ በአብዛኛው ከቀረጻ በኋላ ነበር የሚገባው። ፒያሳ ላይ ከቀረፃችሁ የባጃጁ ጡሩምባ ንግግሩን ይውጠዋል። ስለዚህ ለመመሪያ ያህል ቅዱና በኋላ ድምፁን ከምስሉ ጋር ለማገጣጠም መነሻው ላይ አንዴ አጨብጭቡ። ስሜቱ ሳይቀዘቅዝ በዚያው ቀን፣ ግድግዳው ላይ ጋቢ በተሰቀለበት ክፍል ንግግሩን ደግማችሁ ቅዱት። ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሹ ይመታዋል። የመንገዱን ባዶ ድምፅ 30 ሰከንድ ቅዱና ከሥር አንጥፉት፣ አለዚያ ንግግሩ ሬዲዮ ይመስላል።

ሆጤ፦
አዘጋጃችን ራሱም ይተውናል፤ ችግር አለው?

ቦርከና፦
ዴ ሲካም በ1954 «የኔፕልስ ወርቅ» ውስጥ ቁማርተኛ ሆኖ ተጫውቷል። ብቻ አዘጋጃችሁ ሲተውን ስክሪኑን የሚያይ፣ «ይደገም» የማለት ሥልጣን ያለው ሌላ ሰው መድቡ።