ላይሶዛይም ስታፍን አልሰብር አለ፤ የእንቁላል ነጩስ?

የወተት_ናሙና፦
ጤና ይስጥልን። ያለነው ጅማ ነው። ከጥሬ ወተት ከለየነው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስና ከእርጎ ከለየነው ላክቶባሲለስ ዲኤንኤ ማውጣት ፈልገን ተቸግረናል። ሴሉን የምንሰብርበት ቡፈራችን (ፒኤች የሚያረጋ ፈሳሽ) ትሪስ 20 ሚሊሞላር (ፒኤች 8.0)፣ ኢዲቲኤ 2 ሚሊሞላር፣ ትራይተን ኤክስ-100 1.2 በመቶ ሲሆን ላይሶዛይሙ (የባክቴሪያ ግድግዳ የሚቆርጠው ኤንዛይም) በሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው። ፔሌቱ (በሴንትሪፉጅ የዘቀጠው ሴል) ላይ 180 ማይክሮ ሊትር ጨምረን በ37 ዲግሪ 30 ደቂቃ እናቆያለን፤ ከዚያ ፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚበላ ኤንዛይም) በ56 ዲግሪ። ዲኤንኤው በሚታይበት ጄል ላይ የኢ. ኮላይ ኮንትሮሉ (ማነጻጸሪያው) ደማቅ ባንድ ይሰጣል፣ ላክቶባሲለሱ ደብዛዛ ነው፣ ስታፉ ጭራሽ ባዶ። ላይሶዛይሙን ወደ 50 ብናሳድገውም ያው ነው። መጠኑን እንጨምር ወይስ ኤንዛይሙን እንቀይር? ደግሞስ ላይሶዛይም የሚወጣው ከእንቁላል ነጭ ስለሆነ ነጩን በቀጥታ ብንጠቀምስ?

ፔሌት፦
መጠን መጨመሩን ተዉት። ላይሶዛይም የሚቆርጠው በፔፕቲዶግላይካን (የባክቴሪያ ግድግዳ በተሠራበት) የስኳር ሰንሰለት ውስጥ ሙራሚክ አሲዱን ከግሉኮሳሚኑ ጋር የሚያያይዘውን ቤታ-1,4 ትስስር ነው። ስታፍ ኦሬየስ ግን ሙራሚክ አሲዱ ስድስተኛ ካርቦን ላይ አሴቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካዊ ቡድን ይለጥፍበታል፤ አሴቲሉ ኤንዛይሙን ወደ ትስስሩ አያስጠጋውም። 20 ሆነ 50 ለውጥ የለውም። እንዲያውም ላይሶዛይም ፖዘቲቭ ቻርጁ ከፍተኛ ስለሆነ ሲበዛ ዲኤንኤው ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል።

ለስታፍ የሚሆነው ላይሶስታፊን የሚባለው ኤንዛይም ነው። የስኳር ሰንሰለቱን ትቶ፣ ሰንሰለቶቹን ጎን ለጎን የሚያስተሳስረውን የአምስት ግላይሲን ድልድይ ይበጥሳል። በዚያው ቡፈር በሚሊ ሊትር 200 ማይክሮ ግራም፣ 37 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ። ዋጋው ያስደነግጣል፤ ግን አስሉት፦ በ180 ማይክሮ ሊትር ውስጥ የሚገባው 36 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፣ 1 ሚሊ ግራም ለ27 ናሙና ይበቃል። ስቶኩን (የሚቀመጠውን የላይሶስታፊን ሙሙት) በሶዲየም አሴቴት 20 ሚሊሞላር (ፒኤች 4.5) አሟሙታችሁ በትንንሽ ቱቦ አከፋፍላችሁ አቀዝቅዙት። ዚንክ ያለው ኤንዛይም ስለሆነ ብረት የሚነጥቀውን ኢዲቲኤ አታብዙበት፤ 2 ሚሊሞላሩን ይችለዋል።

ከሰዓቱ ይልቅ ቱቦውን እመኑ። ብርሃን ፊት ስትይዙት ሲጀመር ውሃ የበዛበት ወተት ይመስላል። ግድግዳው ሲፈርስ እየጠራ ይሄዳል፣ በፒፔት ጫፍ ሲሳብም እንደ ክር ይለጠጣል፤ ክሩ ዲኤንኤው ነው። ሳይጠራ ፕሮቲኔዝ ኬ እንዳትጨምሩ። ፕሮቲኔዝ ኬ ፕሮቲን አይመርጥም፣ ገና ሥራውን ያልጨረሰውን ኤንዛይማችሁንም ይበላዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከወተት የተለየ ስታፍ ሁሉ ኦሬየስ አይደለም። እንደ ኤፒደርሚዲስ ያሉት ኮአጉሌዝ-ኔጋቲቮች (የደም ፕላዝማ የሚያረጋውን ኮአጉሌዝ የማይሠሩት) ድልድያቸው ውስጥ ሴሪን ስለሚገባ ላይሶስታፊን ይከብደዋል። አንዳንዱ ቱቦ ጠርቶ ሌላው ካልጠራ መጀመሪያ የኮአጉሌዝ ውጤታችሁን እዩ።

እርሾ፦
በስታፉ ላይ የምጨምረው የለም። የእርጎው ችግር ግን ግማሹ ከኤንዛይሙ በፊት የመጣ ይመስለኛል። ኤምአርኤስ (የላክቶባሲለስ ማሳደጊያ ምግብ) ላይ ያደረ ላክቶባሲለስ ፒኤቹን እስከ 4 አካባቢ ያወርዳል፣ ፔሌቱም አሲዱን ይዞ ይመጣል። ሳይታጠብ 180 ማይክሮ ሊትር ብቻ ከጨመራችሁበት የ8.0 ቡፈር 8.0 ሆኖ አይቆይም። በ1 ሚሊ ሊትር ትሪስ (10 ሚሊሞላር፣ ፒኤች 8.0) ሁለቴ እጠቡት። ያደረውንም ተዉትና ገና እያደገ ያለውን፣ በ600 ናኖሜትር ንባቡ 0.6–0.8 ላይ ያለውን ሰብስቡ፤ ያረጀ ሴል ለመስበር ይከብዳል። ሴል ማብዛትም አይጠቅምም፤ ለአንድ ቱቦ ከ2 ቢሊዮን ካለፈ ቡፈሩም ዲኤንኤ ማጣሪያ ኮለሙም ይጨናነቃል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልጠራ ሙታኖላይሲን የሚባለውን ኤንዛይም ጨምሩ። የሚቆርጠው ያንኑ የላይሶዛይምን ትስስር ነው፣ ግን አሴቲል አያግደውም። በሚሊ ሊትር 250 ዩኒት፣ ከ20ው ሚሊ ግራም ላይሶዛይም ጋር፣ 37 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት።

የእንቁላል ነጩን እርሱት። በሚሊ ሊትር ያለው ላይሶዛይም ከ3 እስከ 4 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው፤ ሳታቀጥኑት እንኳ 20 አይደርስም። በዚያ ላይ እንደ ኦቮሙኮይድ ያሉ ፕሮቲኔዝ አጋጆችና ሌላ ብዙ ፕሮቲን አብሮ ይገባል፣ ዝልግልግነቱም ለፒፔት አይመችም። ለተማሪ ማሳያ ግን ግሩም ነው፦ ማይክሮኮከስ ሉቴየስ የሚባለውን ባክቴሪያ በፎስፌት ቡፈር በጥብጣችሁ 50 እጥፍ የቀጠነ ነጭ ጠብ ብታደርጉበት ዓይናችሁ እያየ ይጠራል።

94_ዲግሪ፦
ላይሶስታፊኑ እስኪመጣ የፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዛት) ሥራ አይቁም። 0.1 ሚሊሜትር የመስታወት ዶቃ ካላችሁ ፔሌቱን በቡፈር በጥብጣችሁ ለ30 ሰከንድ አንቀጥቅጡት፣ 1 ደቂቃ በረዶ ላይ አሳርፉት፣ አራት ዙር። አሴቲልም ድልድይም አያግደውም፤ ዲኤንኤው ግን ይቆራረጣል፣ ስለዚህ ለአጭር ፒሲአር እንጂ ለረጅም ሲኩዌንሲንግ (የዲኤንኤ ንባብ) አይሆንም።

ሴሉን በማፍላት የመስበሩን ዘዴ የምትሞክሩ ከሆነ ደግሞ ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ መሆኗን አስቡ፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። «100 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ» የሚል ፕሮቶኮል በክፍት ዋተር ባዝ አይሠራም። ደረቅ ሂቲንግ ብሎክ ተጠቀሙ፣ ክዳኑም ይቆለፍ፣ አለበለዚያ ፈንድቶ ይከፈታል።

የወተት_ናሙና፦
በጣም እናመሰግናለን፤ ላይሶስታፊን እናዛለን። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ይቀልጣል፤ የተሟሟው ላይሶዛይም ስንት ጊዜ ቀልጦ ቢረጋ ይችላል?

ፔሌት፦
አትቁጠሩት፣ ከነጭራሹ አሟሙታችሁ አታስቀምጡ። የላይሶዛይም ዱቄት ደረቅ እስከሆነ ድረስ መብራት ጠፋ ብሎ አይበላሽም። ጠዋት የዕለቱን ብቻ መዝናችሁ ቡፈሩ ውስጥ አሟሙ፣ የተረፈውን ድፉት። ስትመዝኑ ማስክ አድርጉ፤ የእንቁላል ፕሮቲን ነው፣ ብናኙ አለርጂ ያስነሳል። ጠርሙሱ ከፍሪጅ እንደወጣም አትክፈቱት። እንደ ጅማ ባለ እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሲከፈት ውስጡ ላብ ይይዛል፣ ዱቄቱም ይጓጉላል። 30 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ይከፈት።