የኤንትሬዬ የናፍጣ ጌጅ ሁልጊዜ ባዶ ነው የሚለው፤ ምን ይሻላል?

የማርቆስ ሾፌር፦

ሰላም ወገኖች። ከአባቴ የቀረችኝ ፊያት 682 ኤንትሬ የጭነት መኪና አለችኝ። ሞተሯም ፍሬኗም ደህና ነው፤ ያስመረረኝ የናፍጣ ጌጇ ነው። ሰልባትዮውን (የናፍጣ ታንከሯን) አፉ ድረስ ሞልቼ ቁልፍ ስከፍት መርፌዋ ባዶው ላይ ተኝታ ትቀራለች። አንዳንዴ ኮረኮንች ላይ ስንገጫገጭ ድንገት ትነሳና ግማሽ ድረስ መጥታ፣ ትንሽ ቆይታ ተመልሳ ዝርግት ትላለች። እኔም "ባዶ" ስትለኝ ውሸቷን ነው ብዬ ማመን ተውኩ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋም ከቆመች ስለቆየች የምነዳው በግምት ነው።

ባለፈው ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ ጭኜ ስመለስ ግምቴ ጉድ ሠራኝ። ዓባይ በረሃ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ዳገቱን እየወጣሁ ሳለ ናፍጣው አለቀ። ለካ ያን ቀን እውነቷን ነበር! ጎማው ሥር ታኮ አስገባን፣ ረዳቴ ጄሪካን ይዞ መኪና ለምኖ ደጀን ወጣ፣ እኔ በዚያ ሐሩር ዝንጀሮ እየቆጠርኩ አራት ሰዓት ተቀመጥኩ። ናፍጣው መጣ ስል ደግሞ መስመሩ አየር ገብቶበት ኖሮ እሱን ስናስወጣ መሸ።

ከዚያ ወዲህ ከሶማሌ ተራ አሮጌ ጌጅ አስመጥቼ ቀየርኩ። ያው ነው። አሁን ደግሞ አንዱ "አዲስ ጌጅ ግዛ" ይለኛል፣ ሌላው "ገመዱን በሙሉ ቀይር" ይላል። ገንዘብ ከማፍሰሴ በፊት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ዳንግላ 21፦

ሽመል ቆርጠህ ሰልባትዮው ውስጥ ንከር፤ እርጥቡን አየት ማድረግ ነው። ኤሌክትሪክ የለው፣ ፊውዝ የለው 😂

የቡሬ ኤሌክትሪሻን፦

ወንድሜ ምንም ነገር እንዳትገዛ። ሁለተኛው ጌጅም እንደ መጀመሪያው ባዶ ካለ ጥፋቱ ጌጁ ላይ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ሁለት ጌጅ በአንድ ዓይነት በሽታ አይታመምም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰልባትዮው ውስጥ ኳስ ያለው ክንድ አለ፤ ናፍጣው ሲጨምር ኳሱ ይነሳል፣ ሲቀንስ ይወርዳል። ክንዱ ላይኛው ክዳን ሥር ባለ ቀጭን የሽቦ ጥቅል ላይ ይንሸራተታል። ጌጁ የሚያነበው የዚያን ጥቅል ኦም (ኤሌክትሪኩን የሚከለክልበትን ልክ) ነው። ሙሉ ዙር እንዲሆን ደግሞ ክዳኑ ማሳ (ከመኪናዋ ብረት ጋር የኤሌክትሪክ ግንኙነት) ማግኘት አለበት። የሚረሳው ይቺ ማሳ ናት።

እንዲህ ሞክር። ቁልፉን ክፈት፣ ከሰልባትዮው ክዳን ላይ ወደ ጌጅ የሚሄደውን ገመድ ንቀል። ሁለት ገመድ ካለ አንዱ የናፍጣ ማለቂያ መብራት ነውና ሳታምታታ ምልክት አድርግበት። የነቀልከውን ጫፍ ሻንሲው (የመኪናዋ ዋና ብረት) ላይ ንጹሕ ብሎን ፈልገህ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ብቻ አስነካው። በቀጥታ ከማስነካት በትንሽ የ24 ቮልት አምፖል በኩል ብታደርገው ለጌጁ ይሻላል፤ አሮጌ ጌጅ ገር ነው። መርፌዋ ወደ ሙሉ ከሮጠች ጌጁም ገመዱም ንጹሕ ናቸው፤ ነገሩ ያለው ሰልባትዮው ላይ ነው። ካልተንቀሳቀሰች ከፊውዙ ጀምረህ ወደ ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ሂድ፣ ጌጁ ጀርባ ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን በቴስተር እይ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፦ ችግሩ ከመቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን አሠራህ?

የማርቆስ ሾፌር፦

ኧረ እንዴት ረሳሁት! ሰልባትዮው ዝጎ ስለነበር አስወርጄ አሳጥቤ ቀለም አስቀብቼዋለሁ። ሲመለስም እንዳይፋቅ ብለው ከማሰሪያው ብረት ሥር ጎማ አነጠፉለት። ጌጁ ከዚያ በኋላ ነው የጠፋው መሰለኝ። እኔ ግን ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም።

የቡሬ ኤሌክትሪሻን፦

በቃ አገኘኸው። ታች ጎማ፣ ላይ ቀለም፣ ሰልባትዮው ከሻንሲው ጋር በምን ይገናኝ? ኮረኮንች ላይ የምትነሳውም አንድ ቦታ ብረት ለብረት ስለሚነካካ ነው። አንድ ቁራጭ ገመድ ወስደህ አንዱን ጫፍ ክዳኑ ብሎን ላይ፣ ሌላውን ሻንሲው ላይ ያዝና መርፌዋን እያት።

የድሮ ሾፌር፦

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ይቺ 682 መጀመሪያ የወጣችው እንደ ፈረንጅ በ1952 ነው፤ ከእኔ ጋር እኩያ ናት ማለት ነው፣ ማሳ ቢጠፋባት አይፈረድባትም። እኔ በሽመል ሲቀልድ የነበረውን ልጅ አልቆጣም፤ እኛ ስንሠራባት በሽመል ነበር። ግን ዝም ብሎ ሽመል መንከር አይደለም። ሰልባትዮው ባዶ ሳለ ሃያ ሃያ ሊትር በጄሪካን እያፈሰስክ፣ በየሃያው ሽመሉን እየነከርክ በቢላ ትጭረዋለህ። ከዚያ ወዲያ አይዋሽህም። መኪናዋ ግን ሜዳ ላይ ትቁም። በረሃው ቁልቁለት ላይ ናፍጣው ወደ ፊት ይሸሻል፣ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ፤ ደህና የሚሠራ ጌጅ እንኳ እዚያ የሚለውን አትመን። ጎሃ ጽዮን ላይ ሳትወርድ አንብብ፣ ደጀን ከወጣህ በኋላ አንብብ፣ በመሃል ተወው።

ደግሞ ሰልባትዮውን እስከ መጨረሻው ጠብታ አታድርቀው። ሥር የተኛው ዝቃጭ ተስቦ ፊልትሮህን ይደፍነዋል።

ዳንግላ 21፦

ጋሼ ይቅርታ፣ ስለ ቢላው ጭረት አላውቅም ነበር 🙏

የማርቆስ ሾፌር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት እንደተባልኩት አደረግሁ። ክዳኑ ላይ ገመድ ስይዝ መርፌዋ ብድግ አለች፣ ረዳቴ ከጋቢና ሆኖ እልል አለ። ከአንዱ ብሎን ሥር ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አንድ ቋሚ ገመድ ከሻንሲው ጋር አሰርኩለት። ከዚያ አንዱ ጓደኛዬ አፉ ድረስ አስሞላኝ። አሁን ግን ሌላ ጉድ መጣ፤ ሙሉ ሆኖ ሦስት ሩብ ላይ ትቆማለች። ኳሱ ያረጀ ስለሆነ የሌላ መኪና ክዳን ከነክንዱ ልግዛ?

የቡሬ ኤሌክትሪሻን፦

ቆይ! የተገኘውን አትግጠም። የኦማቸው ልክ ይለያያል። የጀርመኑ ቪዲኦ ፋብሪካ ሥራ ብዙ ጊዜ ባዶ ሲሆን 10፣ ሙሉ ሲሆን 180 ኦም ነው። የአሜሪካኖቹ ተገላቢጦሽ ነው፤ ባዶ 240፣ ሙሉ 33። አንዱን ለሌላው ጌጅ ብታስርለት ሲሞላ ባዶ የሚል ነገር ታመጣለህ። ያቺው የራሷ ትጠገን።

ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ሰልባትዮው ሲታጠብ ክንዱ ተጣሞ ኳሱ እስከ ላይኛው ጫፍ አይደርስም፣ ወይ ኳሱ ተበስቶ ናፍጣ ጠጥቶ ከብዷል። ክዳኑን ፍታና ኳሱን ጆሮህ ሥር ነቅንቀው። ውስጡ ሽቅሽቅ ካለ ጠጥቷል። ፍል ውሃ ውስጥ ስትነክረው አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። የነሐስ ከሆነ በስታኞ (ቀልጦ በሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት) ይደፈናል፤ ግን ውስጡ ያለውን ናፍጣ ሙልጭ አድርገህ ሳታወጣ እሳት እንዳታስጠጋበት። ሥራውንም ከሰልባትዮው ራቅ ብለህ ሥራ፣ ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም ብለህ አትናቅ። እግረ መንገድህን ክንዱን ከታች እስከ ላይ ቀስ እያልክ እያንቀሳቀስክ በቴስተር ኦሙን ለካው፤ ቁጥሩ ሳይዘል መለወጥ አለበት። መሃል ላይ ከጠፋ ሽቦው ተበልቷል ማለት ነው።

የማርቆስ ሾፌር፦

ኳሱ ነው! ሽቅሽቅ ይላል፣ ፍል ውሃው ውስጥም ከስፌቱ ላይ አረፋ አወጣ። ናፍጣውን አንጠፍጥፌ፣ አድርቄ፣ ሰፈር ያለ ራዲዮ ጠጋኝ በስታኞ ደፈነልኝ፤ ኳስ ነው ብዬ ስሰጠው መጀመሪያ የቀለድኩበት መስሎት ነበር። ኦሙም ሳይዘል ነው የሄደው። ገጠምኩ፣ መርፌዋ ሙሉው ላይ ቆማለች። የክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ስለተቀደደብኝ ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቆርጬ ሠራሁለት።

የድሮ ሾፌር፦

እሷን አልወደድኩልህም። የከመነዳሪ ጎማ ናፍጣ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ዳገት ላይ በክዳኑ ዙሪያ ያንጠባጥብሃል። ለናፍጣ የሚሆን ጓርኒሲዮን ፈልገህ ቀይር።

የማርቆስ ሾፌር፦

እሺ ጋሼ፣ ነገ ሳልጭን እቀይራለሁ። ሽመሉንም ጭሬዋለሁ፤ አሥራ አንድ ጭረት ወጣው።