በሬዲዮ ላይ የመቃኛ እርምጃን ስለ ማስተካከል

ጥያቄ፣ ከደሴ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአይኮም 7300 የአማተር ሬዲዮ የ20 ሜትር ባንድ (14 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ሳዳምጥ፣ ትልቁን ማዞሪያ በትንሹ ባንቀሳቅሰውም ቁጥሩ በ1 ኪሎኸርዝ እየዘለለ ስለሚሄድ፣ በኤስኤስቢ (ድምፅን በሞገዱ አንድ ጎን ብቻ በሚልከው ዘዴ) የሚነጋገሩት ሰዎች ድምፅ ወይ ይቀጥናል ወይ ይጎረናል። እርምጃውን እንዴት ላሳጥረው?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ ከኪሎኸርዙ አሃዝ በላይ ትንሽ የሦስት ማዕዘን ምልክት የሚታይዎት ከሆነ በዝላይ መቃኘት በርቷል ማለት ነው። አሃዙን በጣትዎ አንድ ጊዜ ሲነኩት ምልክቱ ጠፍቶ ማዞሪያው በ10 ኸርዝ ይሄዳል፤ ለኤስኤስቢ ከዚህ ያነሰ እርምጃ ብዙም አያስፈልግም። በ20 ሜትር በኤስኤስቢ የሚሠራው የላይኛው ጎን (ከሚታየው ቁጥር በላይ ያለው) ስለሆነ፣ ድምፁ ከቀጠነ ወደ ላይ፣ ከጎረነነ ወደ ታች ያዙሩት። አሃዙን ተጭነው ሲያቆዩት ደግሞ የእርምጃዎቹ ዝርዝር ይከፈታል፤ ለመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች 9 ኪሎኸርዝ ይምረጡ፣ በእኛ ቀጠና የሚደረደሩት በዚያ ልዩነት ነውና።

ተጨማሪ መልስ፣ ከደሴ፦
በእጅ ሬዲዮ የ2 ሜትር ባንድን (145 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ለሚሞክሩም አንድ ነገር ልጨምር። እርምጃው 5 ኪሎኸርዝ ከሆነ ከ145.510 ወደ 145.515 ሜጋኸርዝ ስለሚዘል፣ 145.5125ን በማዞሪያው ፈጽሞ አያገኙትም፤ 12.5 ላይ ያድርጉትና ከ145.500 ይነሡ። ከኮምቦልቻ የሚመጣው ድምፅ ሲቆራረጥ ሁልጊዜ ሐረጎ ተራራን ከመውቀስ በፊት ይህን ማየት ይገባል።

ጠያቂው፦
ምልክቱ በርቶ ነበር፤ አጥፍቼው ድምፁ ተስተካክሏል። ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት የሚላላኩበት ዘዴ) ስጠቀምስ እርምጃው ለውጥ ያመጣል?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
አያመጣም። ማዞሪያውን 14.074 ሜጋኸርዝ ላይ አቁመው አይንኩት፤ የሚፈልጉትን ጣቢያ የሚመርጡት በኮምፒውተሩ ነው።