ባለ አንድ ጎራሽ የኪስ ሽጉጥ (ዴሪንጀር) ልገዛ ነው፣ እውነተኛ መሆኗን በምን ልወቅ?

ናቲ_አሌክሳንድሪያ

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ቨርጂኒያ የሟች አባቱን ዕቃ የሚሸጥ ሰው አግኝቼ ነው። ከዕቃው መሃል መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሽጉጥ አለች። አንድ ጎራሽ ነች። ባሩዱም ጥይቱም የሚገባው በአፈሙዙ በኩል ነው፣ ከኋላ ደግሞ የመዳብ ካፕ (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥል ቆብ) የሚቀመጥባት ጡት አለቻት። እንጨቱ ዋልነት ይመስለኛል፣ እጀታዋ ወደ ታች ቆልመም ያለ ነው። ሻጩ «ሊንከን የተገደለበት ዓይነት ዴሪንጀር ነው» ብሎ 650 ዶላር ጠራብኝ። ከጎን ባለው ብረት ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ፣ የላይኛው ተፍቆ አይነበብም፣ ከታች «ፊላ» የሚል ይታያል። ሲሪያል ቁጥር ፈልጌ አጣሁ።

እውነተኛ ነች ወይስ ሊሸውደኝ ነው? ፈቃድ ያስፈልጋታል ወይ? ዝገቷን ባጸዳው ዋጋዋ ይጨምራል? ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አሮጌ ነገር ነፍሱ ነው፣ ልልክለት እችላለሁ? እስካሁን የምሰበስበው አሮጌ ሰዓት ነው፣ በመሳሪያ ጀማሪ ነኝና አትሳቁብኝ።

ጋሽ_ባሩድ

ናቲ ሰላም ነው። ስለ ዋጋ ከማውራታችን በፊት፣ ያቺ ሽጉጥ እስከ ዛሬ ጎርሳ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ቀልዴን አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን መሳሪያ ባለቤቱ አጉርሶ መሳቢያ ውስጥ ይከተውና ሳይተኮስ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፣ ጥቁር ባሩድ ደግሞ እርጥበት ካላገኘው መቶ ዓመት አልፎትም ይነዳል። ስለዚህ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይዘህ ሂድ፣ ብረት እንዳይሆን። ጡቷ ላይ ካፕ አለመኖሩን እይ። አፈሙዙን ከራስህም ከሰውም አዙር፣ መዳፍህንም ከፊቱ አታድርግ። ዘንጉን እስኪቆም ቀስ ብለህ አስገባና አፈሙዙ ጫፍ ጋ ሲደርስ በእርሳስ ምልክት አድርግበት። ከዚያ አውጥተህ ከውጭ በኩል አፈሙዙ ጎን ላይ አስተኛው። ጫፉ ጡቷ አጠገብ ከደረሰ ባዶ ነች። ቀደም ብሎ ከቆመ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።

ወደ ማህተሙ እንምጣ። ሄንሪ ዴሪንጀር (1786–1868) ፊላደልፊያ የነበረ ጠመንጃ ሠሪ ነው። ማህተሙ ሁለት መስመር ነው፤ ከላይ ስሙ በአንድ «አር» ብቻ፣ ከታች «ፊላደል» ይልና መጨረሻው ላይ ትንሽዬ «ኤ» ከፍ ብላ ትቀመጣለች። ይኸው ማህተም በአፈሙዙ ኋለኛ አናት ላይም ይደገማል፣ እዚያው አካባቢ «ፒ» የምትል የፍተሻ ምልክት (አፈሙዙ ተፈትኖ ማለፉን የምታሳይ) አለች። አንተ ያየኸው «ፊላ» ብሎ የሚያልቅ ከሆነ የተፋቀው ስም የሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ይሄ ግን መጥፎ ዜና አይደለም። የሰውዬው ሽጉጥ ገበያው ሲደራለት፣ በተለይ ወርቅ ፍለጋ ካሊፎርኒያ የጎረፈው ሕዝብ ኪሱ የሚከተው መሳሪያ ሲፈልግ፣ አስመሳዩ እንደ አሸን ፈላ። ስሎተርና ኩባንያው የሚባሉት የራሱ የቀድሞ ሠራተኞች ነበሩ፣ እጃቸው እዚያው የሠለጠነ ስለሆነ ሥራቸው ከእሱ ብዙም አይለይም። ጭራሽ ጆን ዴሪንጀር የሚባል ልብስ ሰፊ ፈልገው፣ ስሙን ተውሰው «ጄ. ዴሪንጀር» ብለው ያተሙም ነበሩ። ልብስ ሰፊ! ሽማግሌው ሄንሪ ሳን ፍራንሲስኮ የነበረውን ፕሌት የሚባል ነጋዴ ከሰሰው፣ ጉዳዩ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1865 ለዴሪንጀር ተፈረደ። ከነዚህ ሌላ ክራይደር፣ ኢቫንስና ትራይን የመሳሰሉ የፊላደልፊያ ጠመንጃ ሠሪዎች ይህንኑ ዓይነት ሽጉጥ በገዛ ስማቸው ይሠሩ ነበር፣ እነሱን አስመሳይ ማለት ነውር ነው። ዛሬ ሰብሳቢው ሁሉንም ይፈልጋቸዋል። እኔ እንደውም ከዋናው ይልቅ የስሎተሯ ታስቀናኛለች፣ ያ ሁሉ የስም ሽሚያ እሷ ላይ ታትሞ አለ።

መፍራት ያለብህ የቅርብ ጊዜውን ቅጂ ነው። በጣሊያንና በስፔን የተሠሩ፣ ሰው በኪት ገዝቶ ቤቱ የሚገጣጥማቸው አሉ። ኬሚካል ተቀብተው ሆን ተብሎ እንዲያረጁ የተደረጉም ያጋጥማሉ። አገላብጠህ የጣሊያን የፍተሻ ማህተም ወይም «ጥቁር ባሩድ ብቻ» የሚል እንግሊዝኛ ጽሑፍ ፈልግ። ሲሪያል ማጣትህ ጥሩ ምልክት ነው፣ የዚያ ዘመን የፊላደልፊያ የኪስ ሽጉጥ በአብዛኛው የለውም። ማጉያ መነጽርም ያዝ። ብረቱ በዝገት ተበሳስቶ የፊደሎቹ ጠርዝ ግን ትናንት የተቀረጸ ከመሰለ፣ ማህተሙ በኋላ የተመታ ነው። እውነተኛው ማህተም ከብረቱ ጋር አብሮ ያረጃል፣ ፊደሉ ውስጥ ያለው ጥቁረትም ከዙሪያው ጋር አንድ ነው። ብሎኖቹንም አትርሳ፤ አናታቸው ከተቦጫጨቀ አንድ ቀን አንድ ባለ ወፍራም መፍቻ ጎብኝቷቸዋል ማለት ነው።

ማጽዳት? እጅህን ሰብስብ። በብራሶ (የብረት መወልወያ)፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ በሽቦ ቡርሽ የተነካች ዕለት ግማሽ ዋጋዋ ሄደ። ያ ቡናማ ቀለም ነው የሚሸጠው። በስስ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ይበቃል፣ ከፈለግክ ሙዚየሞች የሚቀቡትን ሰም ቀባ። ብር የሚመስሉት ጌጦቿም ጀርመን ሲልቨር ናቸው፣ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል እንጂ ብር የለባቸውም፣ የብር ማጽጃ አታባክን።

ትዕግስት_ሲልቨርስፕሪንግ

ጋሽ ባሩድ የጨረሱትን አልደግምም፣ ስለ ሕጉ ልጨምር። በፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራ መሳሪያ አንቲክ ነው፣ የ1968ቱ የመሳሪያ ሕግ እንደ ዘመናዊ መሳሪያ አይቆጥረውም። ስለዚህ ያንተዋ እውነተኛ ከሆነች ከሰውዬው ላይ በቀጥታ መግዛት ትችላለህ። ግን እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው፣ ኒው ጀርሲ ወይም ኒው ዮርክ ይዘሃት ከመሄድህ በፊት ጠይቅ። ሱሱ ከያዘህና (ይይዝሃል) ወደ ቅርብ ዘመን ሥራዎች ከመጣህ፣ 50 ዓመት ያለፋቸውን ለመሰብሰብ «03» የሚባል የሰብሳቢ ፈቃድ አለ፣ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። ይሄ ለምን ይጠቅማል ካልክ፣ ለምሳሌ ኮልት የሚባለው ፋብሪካ ቱዌር የተባለውን ባለ .41 ጥይት አንድ ጎራሽ ከ1870ዎቹ ጀምሮ እስከ 1912 ገደማ ሠርቶታል። መልካቸው አንድ ነው፣ አንዱ አንቲክ ነው ሌላው አይደለም። የተሠራበትን ዓመት ሳታጣራ እንዳትከፍል።

«ሊንከን የተገደለበት ዓይነት» የሚለውን የሻጭ ወሬ እርሳው፣ ሁሉም ይለዋል። ዋናዋን ማየት ከፈለግክ እኮ አፍንጫህ ሥር ነች። ዲሲ 10ኛው መንገድ ላይ ፎርድስ ቲያትር ሙዚየም አለች፣ የሊንከን ገዳይ ቡዝ በሚያዝያ 1865 የተኮሰባት ራሷ። አንድ ሰሞን በ1960ዎቹ ተሰርቃ በሌላ ተተክታለች የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር። ኤፍቢአይ በ1997 መርምሮ፣ የእንጨቷን መስመርና የብረቷን ጠባሳ ከ1930ዎቹ ፎቶዎች ጋር አስተያይቶ፣ ያቺው ነች አለ። አየህ፣ ጠባሳ መታወቂያ ነው። ያንተንም ስትገዛ በቅርበት ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሳት፣ ለኢንሹራንስም ይሆንሃል።

አዲስ አበባ መላኩን ግን በሕልምህም አታስበው። አሮጌ ነች ብለህ ሻንጣ ውስጥ ብትከታት ጉምሩክ የሚያየው ሽጉጥ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው። ከአሜሪካ ማውጣቱም የራሱ ጣጣ አለው። ለወንድምህ ሰዓት ላክለት።

ሰብሊ_አትላንታ

ይቅርታ ግን አልገባኝም። ሰው የገደለ ይሁን ያልገደለ የማይታወቅ ነገር በ650 ዶላር ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ መክተት ምን ይባላል? ቴምብር አይሰበሰብም እንዴ? 😂

ትዕግስት_ሲልቨርስፕሪንግ

ሰብሊዬ፣ ቴምብርም አለኝ። ይህቺን ግን አንድ ጊዜ እጅሽ ላይ ብታደርጊያት ይገባሽ ነበር። እንጨቷ ላይ ያለው ቀረጻ በእጅ የተሠራ ነው፣ ብረቱና እንጨቱ የሚጋጠሙበት ቦታ ወረቀት አያስገባም። መተኮሱን ማንም አያስበውም።

ሰብሊ_አትላንታ

እሺ፣ ግን ባልሽን አይዞህ በይልኝ።

ዳዊት_ለንደን

ናቲ፣ ባጀትህ የማይበቃ ከሆነ በአንድ ስም ላይ አትሙት። ከዴሪንጀር ውጭ ያለውን የአሜሪካ ሥራ ተመልከት። ማሳቹሴትስ፣ ኒውበሪፖርት የተሠራው «ሳውዘርነር» የእርስ በርስ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወደ ደቡብ ገበያ ያነጣጠረ ነው፣ ሰሜኖቹ ጦርነቱን ባሸነፉ ማግስት ለተሸነፈው ደቡብ ስሙን የለጠፉበት ሽጉጥ ሸጡለት። ነጋዴ ነጋዴ ነው። ዊልያምሰን የሚባለው ደግሞ ብልጥ ነው፣ የፋብሪካ ጥይት ካጣህ ውስጡ የሚገባ የብረት ቀለህ አለው፣ በባሩድና በካፕ ታጎርሰዋለህ። ሬሚንግተን ሲባል ግን ተጠንቀቅ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከ1866 እስከ 1935 የተሠራው ሁለት አፈሙዝ ያለው ነው፣ እሱ አንድ ጎራሽ አይደለም። አንድ ጎራሹን ከፈለግክ «ቬስት ፖኬት» የሚባለውን በል።

እኔ የምሰበስበው የእንግሊዞቹን ነው፣ አፈሙዛቸው እንደ ጠርሙስ ክዳን ተጠምዝዞ የሚፈታውን። ባሩዱና ጥይቱ በኋላ በኩል ይቀመጡና አፈሙዙ ተመልሶ ይታሰራል። ትንንሾቹ ምላጫቸው ተደብቆ ይቀመጣል፣ ሀመሩን (መቺውን ብረት) ወደ ኋላ ስትስበው ከሆዷ ብቅ ይላል፣ ይህን የሚያይ ሰው ሁሉ «እስቲ ድገመው» ይለኛል። ሲገዙ የሚታየው አፈሙዙ ታስሮ ሲያልቅ ከአካሉ ጋር ክፍተት እንዳይኖረውና ጌጡ መስመር በመስመር መግጠሙ ነው፤ ካልገጠመ አፈሙዙ የሌላ ሽጉጥ ነው። ማህተሙንም እይ፣ የበርሚንግሃም መፈተሻ ቤት በ1813 ነው የተቋቋመው፣ ሻጩ «የ1780 ነው» ብሎህ ያ ማህተም ካለበት ሳቅበት። በሞላላ ውስጥ «ኢኤልጂ» የሚል ካየህ የቤልጂየም፣ የሊዬዥ ሥራ ነው። እሱም አይናቅም፣ በእንግሊዝ ዋጋ ግን አትግዛው።

ውጅግራ

አንዲት ነገር። ጥንድ ሆና እንደነበር ጠይቅ። ዴሪንጀሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጡት በጥንድ ነበር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚተኩሱ። ሁለተኛዋ ከነሳጥኗ እዚያው ቤት የሆነ ቁምሳጥን ውስጥ ካለች ዋጋው የሁለት ነጠላ ዋጋ አይደለም፣ በጣም ይበልጣል። ሻጩ ዋጋውን ሳይነቃ ቀስ ብለህ ጠይቅ 😏

ናቲ_አሌክሳንድሪያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሽ ባሩድ እርስዎን በተለይ። ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ። ጥንዷን ጠየቅኩ፣ የለችም። በማጉያ ሳየው የላይኛው መስመር በ«ኤስ» ጀምሮ በ«ኮ» ያልቃል፣ መሃሉ ላይ ሁለት «ቲ» ጎን ለጎን ይታያሉ። ጠርዛቸው እንደ ብረቱ ተበልቷል። ከዚያ ዘንጉን አስገባሁ። ከጡቷ አንድ ኢንች ያህል ቀርቶት ቆመ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው። ሻጩ ፊቱ አመድ መሰለ፣ በልጅነቱ በእሷ ይጫወት ነበር አሉ!

ጋሽ_ባሩድ

ስሎተር ነች፣ እሰይ። አሁን ወደ መኪናህ እንዳትጭናት፣ እሱም «ውጭ ወጥቼ ልተኩሳት» እንዳይል ንገረው፣ የዚያ ዕድሜ አፈሙዝ ሊፈነዳ ይችላል። ጡቷ ላይ ምንም ነገር እንዳይቀመጥ፣ ሀመሩንም ማንም አይንካው። ከአፈሙዝ በሚጎርሱ መሳሪያዎች ላይ የሚሠራ ጋንስሚዝ (የመሳሪያ ጠጋኝ) ይጥራ። ባሩዱን መጀመሪያ በዘይት አርጥቦ ጥይቱን በመጎተቻ ያወጣዋል፣ ቆሻሻ ሆኖ የቆየ ጨርቅ ብቻም ሊሆን ይችላል። የሚያወጣውን ጥይት እንዳይጥለው አደራ፣ ከሽጉጧ ጋር ይቀመጥ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ስሎተር በ650 ውድ አይደለችም። ቢሆንም የጋንስሚዙን ክፍያ እሱ ይቻል፣ ካልሆነ 550 በለውና ዝም ብለህ ጠብቅ።